«ነጭ ሆነብኝ» ሲሏችሁ፦ ዴስክቶፕ ፕሮግራም ላይ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

የመጀመሪያውን የዴስክቶፕ ፕሮግራሜን የሠራሁት ለአንድ መድኃኒት ቤት ነው። ሽያጭ መመዝገቢያ፣ ስቶክ መቆጣጠሪያ፣ ሪፖርት። በሲ ሻርፕ ቋንቋ፣ መስኮትና በተን መሥሪያ በሆነው በዊንፎርምስ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ውልፍት አይልም ነበር። ጫንኩላቸው፣ ሂሳቤን ተቀበልኩ፣ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ካሸሯ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ያ ነገርህ ነጭ ሆኗል።»

«ነጭ ማለት?»

«ነጭ ነዋ! ስነካው ነጭ ሆነ። አጥፍቼ አበራሁት።»

ተጠቃሚ «ትሬዱ ታግዷል» ብሎ አይደውልላችሁም። ነጭ ሆነ፣ ስታክ አደረገ፣ ዝም አለኝ፣ ጠፋብኝ ነው የሚላችሁ። ደግነቱ ከእነዚህ ቃላት ጀርባ ያሉት ስህተቶች ብዙ አይደሉም። በፓይተን ቲኪንተር ጻፋችሁ፣ በኪውት ጻፋችሁ፣ በጃቫ ስዊንግ ጻፋችሁ፣ ዞሮ ዞሮ ያው ናቸው። አብዛኞቹን እኔው ሠርቻቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን ሁለቴ።

ከባዱን ሥራ በተኑ ውስጥ መክተት

የነጩ ነገር ምንጩ ይሄ ነበር። «ሪፖርት» የሚል በተን አለ። ሲጫኑት ሽያጩን በሙሉ ከዳታቤዝ ያወጣል፣ ይደምራል፣ ሰንጠረዡን ይሞላል፤ ሁሉንም እዚያው ክሊኩ ውስጥ። እኔ ጋ የነበረው የሙከራ ዳታ 200 መስመር አይሞላም፣ ስለዚህ ሳላየው ያልቃል። እነሱ ጋ ግን ከኤክሴል የገባ የሁለት ዓመት ሽያጭ አለ፣ ማሽኑም ሃርድ ዲስኩ የሚያጉረመርም አሮጌ ነው።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። ፕሮግራማችሁ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ጀርባም አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው ቢሮ ነው። ሠራተኛው ዩአይ ትሬድ (ስክሪኑን የሚያስተናግደው የሥራ መስመር) የሚባለው ነው። ውጭ ሰልፍ አለ፦ ክሊክ ተደረገ፣ ፊደል ተጻፈ፣ ማውስ ተንቀሳቀሰ፣ «ስክሪኑን እንደገና ሳለው»። አንድ በአንድ ያስተናግዳቸዋል። ክሊኩ ውስጥ የ20 ሰከንድ ሥራ ስትከቱ ሠራተኛው ፋይል ፍለጋ መዝገብ ቤት ገባ ማለት ነው። ሰልፉ ተገትሮ ይቀራል። ዊንዶውስ 5 ሰከንድ ይታገሳል፤ ከዚያ በላዩ ላይ የደበዘዘ ምስሉን ይደርብበትና ርዕሱ ላይ «ምላሽ አይሰጥም» ብሎ ይለጥፋል። የካሸሯ ነጭ ይሄ ነው። ፕሮግራሙ እኮ አልሞተም፣ መዝገብ ቤት ነው ያለው። እሷ ግን ምን አውቃ ትጠብቅ? ዘጋችው።

መፍትሔው መዝገብ ቤት ሌላ ሰው መላክ ነው። ሲ ሻርፕ ላይ ታስክ ራንን ከአዌይት ጋር፣ ጃቫ ላይ ስዊንግ ወርከርን፣ ኪውት ላይ ኪውትሬድን ተጠቀሙ። ቲኪንተር ላይ ሥራውን ለሌላ ትሬድ ትሰጡና ውጤቱን ኪው (የተራ መጠበቂያ ዝርዝር) ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ዋናው ትሬድ ደግሞ በአፍተር እያደረገ በየ100 ሚሊሰከንዱ ኪውውን ያየዋል። ቲኪንተር ውስጥ ታይም ስሊፕ የከተታችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አውጡት፤ ሠራተኛውን መስኮቱ ላይ ማስተኛት ነው።

ኢንተርኔት ላይ «ዱ ኢቨንትስ ጨምርበት፣ ይስተካከላል» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እኔም ሰምቼ ጨመርኩ። ነጩ ጠፋ፣ ሌላ ጉድ መጣ፦ አንዳንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ዱ ኢቨንትስ ሠራተኛው የጀመረውን ፋይል በእጁ እንደያዘ ሰልፉን እንዲያስተናግድ ነው የሚያደርገው፤ ካሸሯ «ሽጥ»ን ስትደግመው የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ይጀምራል። ይልቅ ሥራው ሲጀምር በተኑን እንዳይነካ አድርጉት፣ «እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ አሳዩ፣ ሲያልቅ መልሱት። መመለሱን ፋይናሊ (ኤረር መጣም አልመጣም የሚሮጠው ክፍል) ውስጥ ጻፉት፣ አለዚያ ኤረር የመጣ ዕለት በተኑ እንደተዘጋ ይቀራል።

ከሌላ ትሬድ ስክሪኑን መንካት

ትሬድ መፍጠር የተማረ ሰው ቀጥሎ የሚሠራት ይህቺን ነው። መዝገብ ቤት የተላከው ልጅ ፋይሉን ለሠራተኛው መስጠት ሲገባው፣ ራሱ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ለባለጉዳይ ያቀብላል። ሁለት ሰው በአንድ መስኮት፣ በአንድ ጊዜ።

ዊንፎርምስ ላይ ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ስትሞክሩት ይጮኻል፤ ይሄ ኮንትሮል ከተፈጠረበት ትሬድ ውጪ ተነካ ይላችኋል። ተንኮሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ይሄ ቁጥጥር በራሱ የሚበራው ዲበገር (የስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) ሲኖር ነው። ደንበኛው ማሽን ላይ ዲበገር የለም። እዚያ አንዴ በደንብ ይሠራል፣ አንዴ ሰንጠረዡ ግማሹ ባዶ ይሆናል፣ አንዴ ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ከዚያ «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» እያላችሁ ከደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃላችሁ። ቁጥጥሩን በአንድ መስመር ፎልስ አድርጎ «ፈታሁት» የሚልም አለ። እሱ የሚጮኸውን ውሻ አሰረ እንጂ ሌባውን አልያዘም።

ትክክለኛው መንገድ ውጤቱን ለዩአይ ትሬዱ ማቀበል ነው። ዊንፎርምስ ላይ ኢንቮክ ወይም ቢጊን ኢንቮክ፣ ደብሊውፒኤፍ ላይ ዲስፓቸር፣ ስዊንግ ላይ ኢንቮክ ሌተር፣ ኪውት ላይ ሲግናል። አዌይትን በአግባቡ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ከአዌይት በኋላ ያለው ኮድ ራሱ ወደ ዩአይ ትሬዱ ይመለሳል፣ ምንም መጨመር አያስፈልጋችሁም።

አዌይት ማለት ሲገባችሁ ዶት ሪዘልት ወይም ዶት ዌይት ብትሉስ? ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሠራተኛው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ልጁን ይጠብቃል፤ ልጁ ደግሞ ፋይሉን ይዞ መስኮቱ ፊት ተሰልፏል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ሁለቱም እስኪመሽ ይጠብቃሉ።

አማርኛን መጨረሻ ላይ ማስታወስ

ይሄን በደንብ ልበላችሁ፣ ምክንያቱም የውጭ ቪዲዮ ላይ አታገኙትም።

የደንበኛ ስም መጻፊያዋ ሳጥን ውስጥ ቁጥር እንዳይገባ ብዬ ኪይ ፕሬስ (ቁልፍ ሲነካ የሚሮጠው ኮድ) ላይ ማጣሪያ አድርጌ ነበር፦ ከኤ እስከ ዜድ ያለው ብቻ ይለፍ። ካሸሯ «ከበደ» ብላ ልትጽፍ ስትሞክር ሳጥኑ ዝም አላት። እኔ ሁሌም የምሞክረው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለነበር አላየሁትም። ቻር ኢዝ ሌተር የሚባለውን ብትጠቀሙ የግዕዝ ፊደልንም ፊደል ብሎ ያውቀዋል፣ አንድ መስመር ነው።

ፍለጋም አለላችሁ። በኪይማን (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) «ሰ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ትነካላችሁ። መጀመሪያ «ስ» ይመጣል፣ ከዚያ «ስ» ጠፍቶ በቦታው «ሰ» ይተካል። እናንተ ደግሞ በየኪይ ዳውኑ ዳታቤዝ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ያልተጻፈ ቃል እየፈለጋችሁ ነው፣ ያውም ለአብዛኛው ፊደል ሁለቴ። ኪይ ዳውንን ተዉትና ጽሑፉ ሲቀየር የሚጠራውን ቴክስት ቼንጅድን ተጠቀሙ፤ ከዚያም ሰውዬው መጻፍ አቁሞ 300 ሚሊሰከንድ ያህል እስኪያልፍ በታይመር ጠብቃችሁ ፈልጉ። በአሮጌ ማሽን ላይ ልዩነቱ ዓይን ላይ ይታያል።

ስሙ በትክክል ተጽፎም ላይገኝ ይችላል። አንዷ ካሸር «ፀሐይ» ብላ መዘገበች፣ የማታዋ ተረኛ «ጸሀይ» ብላ ፈለገች፣ አጣችው፣ አዲስ መዘገበች። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ሰው ሦስት ፋይል ከፈተ፣ የዱቤ ሂሳቡም ሦስት ቦታ ተበተነ። መፍትሔው ከስሙ ጎን ሌላ የማይታይ የፍለጋ ዓምድ መያዝ ነው፦ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየመለሳችሁ አስቀምጡ፤ የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ፈንክሽን አሳልፉት። ሰባቱንም እርባታ አትርሱ፣ ሀና ሃን፣ አና ኣን ማገናኘትም አትርሱ። ዋናውን ስም ግን እንዳታበላሹት፤ የሰው ስም ራሱ እንደሚጽፈው ሆኖ ደረሰኙ ላይ መውጣት አለበት።

አማርኛው ሰንጠረዡ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከመጣ ፎንቱን አትጠርጥሩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዓምዱን ቫርቻር አድርጋችሁት ይሆናል፤ የግዕዝን ፊደል የሚይዘውን ኤንቫርቻር አድርጉት፣ ዋጋውንም በፓራሜትር አስገቡት። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ አይመለስም። አራት ማዕዘን ሳጥን ካያችሁ ግን ያኔ ፎንት ነው። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ በአማራጭነት የሚጫን ስለሆነ በእሱ ብቻ አትመኩ፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኤብሪማ ግዕዝን ይዟል።

የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ዶትኔት ውስጥ የዕብራይስጥ፣ የፋርስ፣ የታይላንድ የዘመን መቁጠሪያ አለ፤ የእኛ የለም። ስለዚህ ለቀን መምረጫ የራሴን ሠራሁ፣ የወር ዝርዝሩንም በእጄ ሞላሁ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ እያለ እስከ ነሐሴ። አሥራ ሁለት። ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ። ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን ብቻ አስቀምጡ፣ ወደ ኢትዮጵያ የምትቀይሩት ስታሳዩት ብቻ ይሁን፤ ወሮቹም አሥራ ሦስት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚታመም ፕሮግራም

ጠዋት ደህና ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተኖቹ መሳል ያቆማሉ፣ ቦታቸው ላይ ቀይ ኤክስ ይወጣል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ይጠፋል። አጥፍቶ ማብራት ይፈውሰዋል፣ ስለዚህ ማንም አይነግራችሁም። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ዲቴይልስ ውስጥ የዓምዶቹ ርዕስ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ጂዲአይ ኦብጀክትስ (ፕሮግራሙ ለመሳል የያዛቸው ነገሮች ብዛት) የሚለውን ዓምድ አውጡ። አንድ ፕሮግራም ሊይዝ የሚችለው በተለምዶ 10,000 ነው። ቁጥሩ በየሽያጩ እየጨመረ ሳይመለስ ከቀረ ያዛችሁት።

እኔ ጋ ጥፋቱ የክፍያ ፎርሟ ነበረች። በሾው ዳያሎግ የሚከፈት ፎርም ሲዘጋ ይደበቃል እንጂ ራሱን አያጸዳም። በዩዚንግ ከፍታችሁ ዲስፖዝ ካላደረጋችሁት (ካላስወገዳችሁት) እያንዳንዱ ሽያጭ የራሱን ፎርም፣ የራሱን ፎንትና ምስል ጥሎ ይሄዳል። የዚህ ዘመድ የሆነች ሌላ ስህተት አለች፦ አንድ ኢቨንት ላይ ሃንድለር (ክሊክ ሲመጣ የሚሮጠውን ኮድ) ደጋግሞ መጨመር። ፎርሙ በተከፈተ ቁጥር ከጨመራችሁ አንድ ክሊክ ሦስት ደረሰኝ ያትማል።

በራስ ስክሪን ልክ መስፋት

የእኔ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፣ የእነሱ 1366 በ768። «አስቀምጥ» የሚለው በተን ከታስክባሩ ሥር ገብቶ ቀረ። ኮንትሮሎችን በፒክስል አትቸንክሯቸው፤ አንከርን፣ ዶክን፣ ቴብል ሌይአውት ፓነልን ተጠቀሙ። የዊንዶውስ ስኬሉንም 125 እና 150 በመቶ አድርጋችሁ እዩት። በቲኪንተር የሠራችሁት ጽሑፉ ብዥ ካለ ደግሞ ዊንዶውስ እንደ ፎቶ እየለጠጠው ነው፤ ፎርሙ ሳይፈጠር በፊት ሴት ፕሮሰስ ዲፒአይ አዌርነስን መጥራት ያስተካክለዋል።

የቲኪንተር ጀማሪዎች ሆይ

በተኑን ሳትነኩት ፈንክሽኑ ከሮጠ፣ ነክታችሁትም ዝም ካለ፣ ኮማንድ ላይ ከፈንክሽኑ ስም ኋላ ቅንፍ አድርጋችኋል። ቅንፉን አውጡት። ምስሉ ባዶ ከሆነ ፎቶኢሜጁ የፈንክሽኑ ውስጥ ተለዋዋጭ ብቻ ስለሆነ ፓይተን ጠርጎታል፤ ሌብሉ ላይ ወይም ክላሱ ላይ ያዙት። በፎር ሉፕ የሠራችኋቸው አሥር በተኖች ሁሉም የመጨረሻውን ቁጥር ካመጡ ላምዳው ውስጥ «i=i» ብላችሁ ቁጥሩን አስሩት። ፓክና ግሪድን አንድ ፍሬም ውስጥ አትቀላቅሉ።

ኤረር መዋጥ

ትራይ፣ ካች፣ ባዶ ቅንፍ። «ደንበኛው ፊት ኤረር እንዳይመጣ» ብዬ ያደረግኩት ነው። ውጤቱ፦ ሽያጩ አልተመዘገበም፣ ስክሪኑ ግን ደህና ነው፣ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ገንዘቡና መዝገቡ አይገጥምም፣ ካሸሯ ላይ ጣት ይቀሰራል። ለሰው በአማርኛ «አልተቀመጠም፣ እንደገና ሞክሩ» በሉ፤ ለራሳችሁ ሙሉውን ኤረር ሎግ ፋይል ላይ ጻፉ። ሎጉን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታድርጉት፣ ተራ ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ አይፈቀድለትም። አፕ ዳታ ውስጥ ይሁን።

ሰው እንዴት እንደሚሠራ አለማየት

ይሄ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ከሰዓት ካሸሯ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰልፉ በሩ ድረስ ነው። የመድኃኒቱን ስም ትጽፋለች፣ ታብ ትነካለች፣ ከርሰሩ ወደ ብዛት መሄድ ሲገባው ዘሎ ወደ ማስታወሻ ይገባል። ማውሱን ታነሳለች፣ ትመልሰዋለች፣ ትጽፋለች፣ እንደገና ታነሳለች። በየሽያጩ አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ታብ ኢንዴክሱን አንድ ጊዜ እንኳን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ኮንትሮሎቹን ፎርሙ ላይ በጣልኩበት ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት፣ ኢንተርን «ሽጥ» አደረግኩት፣ ኤስኬፕን «ሰርዝ»። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ሦስት ደንበኛ አስተናገደች። ከዚያ ማውሱን በክርኗ ገፋ አድርጋ የደረሰኝ ጥራዙን በቦታው አስቀመጠች።