ባክቴሪያው ፕላስቲክ አልሰጥ ሲል የት እንፈልግ?

ፒኤችቢ የሚባለውን ፕላስቲክ ባክቴሪያ የሚሠራው ለራሱ ነው። ምግብ ሲተርፈው ሴሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሲርበው ያወጣዋል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሲለስ ሜጋቴሪየም ውስጥ ያገኘው ይህንኑ ነው። ጎተራው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚከፈት ያወቀ ሰው፣ ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹን ራሱ ይደርስባቸዋል።

ጭራሽ አያድግም

መጀመሪያ ስኳሩን እዩ። በዚህ ሥራ የታወቀው ኩፕሪያቪደስ ኔካቶር ኤች16 ተራውን የገበታ ስኳር (ሱክሮስ) አይበላም። ግሉኮስም ቢሆን በተፈጥሮው አይጠቀምም። ፍሩክቶስና የምግብ ዘይት ግን ይስማሙታል። ሞላሰስ እንዳለ ከሰጣችሁት ሱክሮሱ ሳይነካ ይቀራል። ኢንቨርቴዝ በሚባለው ኢንዛይም ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ብትሰነጥቁትም የሚበላው ፍሩክቶሱን ብቻ ነው፤ ግሉኮሱን ካልተዋችሁት ግሉኮስ የለመደ ዝርያ ፈልጉ።

በደንብ አደገ፣ ፕላስቲክ ግን የለም

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ብልቃጡ ደፍርሶ ስታዩት ደስ ይላል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ግን ሴሎቹ ባዶ ናቸው። መንስኤው ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን መብዛት ነው። አሞኒየም (የናይትሮጅን ምንጩ) እስካለ ድረስ ሴሉ ስኳሩን ለመራባት ያውለዋል።

መፍትሄው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ናይትሮጅን ስጡትና ይራባ። ከዚያ አሞኒየሙ ሲያልቅ ስኳሩን ቀጥሉ። በደንብ ከተያዘ ከደረቅ ክብደቱ ከ80% በላይ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ሴሉ ያብጣል፣ ውስጡ የሚያበሩ ክብ እንክብሎች ይታያሉ። በናይል ሬድ ቀለም ብታዩት ይደምቃል፤ ግን ቀለሙ ሌላ ቅባትም ስለሚይዝ በእሱ ብቻ አትፍረዱ። ቁርጡን የሚነግራችሁ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው የላቦራቶሪ መለኪያ ነው።

ፕላስቲኩን የሚሠሩት ሦስቱ ጂኖች የገቡለት ኢ. ኮላይ (የተለመደው የላቦራቶሪ ባክቴሪያ) ከሆነ ደግሞ ፕላስሚዱን፣ ማለትም ጂኖቹንና አንቲባዮቲክ የመቋቋም ችሎታውን የተሸከመውን ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት፣ ጠርጥሩ። ከዚያው ብልቃጥ አንቲባዮቲክ ባለውና በሌለው አጋር (ባክቴሪያ የሚዘራበት ጄል) ላይ ዘርታችሁ ቁጥሩን አወዳድሩ። ባለው ላይ በጣም ካነሰ ፕላስሚዱን እየጣለ ነው። ጂኖቹን ክሮሞሶሙ ላይ መትከል ዘላቂ መፍትሄ ይመስለኛል።

ትናንት ነበር፣ ዛሬ ቀነሰ

ስኳሩ አልቆ ኤች16 ስንቁን እየበላ ነው። የራሱ የሆነ ሰባሪ ኢንዛይም አለው። ስኳሩ ጨርሶ ሳያልቅ ሰብስቡ፣ ወዲያው አቀዝቅዙት። ኢ. ኮላይ በተፈጥሮው ይህ ኢንዛይም የለውም።

ፊልሙ ይሰባበራል

ንጹህ ፒኤችቢ ክሪስታልነቱ (ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው መጠንከራቸው) ከፍተኛ ነው፤ የሚቀልጠውም 175 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ራሱ መፈራረስ ይጀምራል። ለባክቴሪያው ፕሮፒዮኔት (የፕሮፒዮኒክ አሲድ ጨው) ጨምራችሁ ብትመግቡት ቫሌሬት የሚባል ሌላ ክፍል የተቀላቀለበት ለስለስ ያለ ፕላስቲክ ይሰጣችኋል። ፕሮፒዮኔት ሲበዛ ግን መርዝ ነውና በትንሽ በትንሹ ጨምሩ።

ፕላስቲክ ሰባሪው ባክቴሪያ አጋሩ ላይ ክብ አላወጣም

ፕላስቲክ የተበተነበት ነጭ አጋር ላይ፣ ሰባሪ ባክቴሪያ በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ መተው አለበት። ካልተወ አጋሩ ውስጥ ግሉኮስ እንዳለ አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ቀላል ምግብ እያለ ኢንዛይሙን አያወጡም። ጂን አስገብታችሁ ከሆነ ደግሞ የየትኛው ኢንዛይም እንደሆነ እዩ። ሴል ውስጥ የሚሠራው የሚነካው ገና ያልጠነከረውን እንክብል ነው። ወጥቶ ክሪስታል የሆነውን የሚሰብረው ወደ ውጭ የሚለቀቀው ነው፣ እሱም ኢንዛይሙን ከሴሉ የሚያስወጣው የጂኑ ክፍል (መውጫ ምልክቱ) አብሮት መግባት አለበት።

የውሃ ጠርሙሱ ምንም አልሆነም

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው የጃፓኑ ባክቴሪያ አይዲዮኔላ ሳካየንሲስ ፒኢቲን (የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፕላስቲክ) ይበላል ሲባል ብዙዎች ጠርሙስ ቆርጠው ሞከሩ። እሱ የበላው ግን ክሪስታልነቱ ዝቅተኛ የሆነ ስስ ፊልም ነበር፤ ጠርሙስ ተወጥሮ ስለሚሠራ ክሪስታሉ ይበዛል። ስለዚህ ፕላስቲኩን አስቀድማችሁ አቅልጡና በፍጥነት አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ፍጩት። ሙቀት የሚችል ኢንዛይምም ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻሻለ አንድ ኢንዛይም እንዲህ የተዘጋጀ ፒኢቲን በ72 ዲግሪ፣ በ10 ሰዓት ውስጥ 90% ሰብሮታል።