ያገለገለ ሬንጅፋይንደር ካሜራ ሲገዙ በዋጋ እንዳይሸወዱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፊልም ፎቶ ማንሳት ተመልሶ ፋሽን ከሆነ ወዲህ የአሮጌ ካሜራ ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። በተለይ ላይካ የተባለው የጀርመን ካሜራ ስም ያለበት ነገር ሁሉ እሳት ሆኗል።

ለማያውቀው ሰው፣ ሬንጅፋይንደር በሌንሱ በኩል ሳይሆን ከላይ ባለች መስኮት እያዩ የሚያነሱበት ካሜራ ነው። መስኮቷ መሀል ላይ ትንሽ ብሩህ ካሬ አለች። በካሬዋ ውስጥ ምስሉ ድርብ ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት አዙረው ሁለቱን ምስሎች ሲያገጣጥሙ ፎከሱ ገባ ማለት ነው። ከዋጋ ጋር የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ከዚሁ አሠራር የሚነሳ ነው።

እንዲህ ላለ ካሜራ አንድ ቁርጥ ዋጋ የለም። ሁለት ላይካ ኤም3 ጎን ለጎን ተቀምጠው በዋጋ በብዙ መቶ ዶላር ሊራራቁ ይችላሉ። ልዩነቱ ደግሞ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ሲመዝኑ ሁለት ቁጥር ይደምሩ፦ ዛሬ ለሻጩ የሚከፍሉትንና ነገ ለጠጋኙ የሚከፍሉትን። ገዢዎች የሚሸወዱት ሁለተኛውን ሲረሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሻጭ የለጠፈውን ዋጋ የገበያ ዋጋ ነው ብሎ መቀበል

ሰው ኢቤይ ላይ ገብቶ አምስት ላይካ ኤም6 ያያል። አምስቱም ላይ የሚያስደነግጥ ዋጋ ተለጥፏል። “በቃ፣ ዋጋው ይሄ ነው” ይላል። አይደለም። ያ የሻጮች ምኞት ነው። በደህና ዋጋ የቀረበው ተሽጦ ሄዷል፤ እርስዎ የሚያዩት ገዢ ያጣውን ነው።

ስለዚህ ማጣሪያው ውስጥ ገብተው የተሸጡትን ብቻ እንዲያሳይዎ ያድርጉ። ያለፉት 90 ቀናት ሽያጭ ይመጣልዎታል። እዚያም አንድ ወጥመድ አለ። በድርድር የተሸጠ ዕቃ መጀመሪያ የተጠየቀበት ዋጋ ተሰርዞበት ነው የሚታየው። ገዢው የከፈለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን አይታይም። የተሰበሩትን ያውጡ። ከሌንስ ጋር የተሸጡትን ለብቻ ያስቀምጡ። እጅግ ውዱንና እጅግ ርካሹን ይተዉ። መሀል ላይ ተሰብስቦ የሚቀረው መነሻዎ ነው።

አሜሪካ ያለው ኬኢኤች ወይም እንግሊዝ የተነሳው ኤምፒቢ ያሉ ያገለገለ ካሜራ ሻጮች ዋጋቸው ከግለሰብ ከፍ ይላል። ምክንያት አላቸው። ካሜራውን ፈትሸው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ የግማሽ ዓመት ዋስትና ጨምረው ነው የሚሸጡት። ትርፉ ዋጋ የዋስትናው ነው። አንድ ግለሰብ ያለ ምንም ዋስትና በሱቅ ዋጋ ሊሸጥልዎ ከመጣ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። እዚህ ጋ ያለ ይሉኝታ ይደራደሩ።

ሸተሩ “ቀጭ” ካለ ካሜራው ይሠራል ብሎ ማሰብ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሸተር ማለት ፊልሙ ብርሃን እንዲያገኝ ለቅጽበት ተከፍቶ የሚዘጋው ክፍል ነው። ሰፋ አድርገን እንየው።

ከዝግታዎቹ የሸተር ፍጥነቶች እንጀምር። የአሮጌ ካሜራ ቅባት ሲደርቅ መጀመሪያ የሚታመሙት እነሱ ናቸው። በ1/125 ሰከንድ ቀጭ የሚለው ካሜራ አንድ ሰከንድ ላይ ሲደረግ ሦስት ሰከንድ ሊቆይ ወይም ጭራሽ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። ሻጩ አንድ ሰከንድ፣ 1/8 እና 1/15 ላይ እያደረገ ሲተኩስ በቪዲዮ ይቅረጽልዎ። ጆሮዎ ብዙ ይነግርዎታል። ፈጣኑ ጫፍም የራሱ ችግር አለው። 1/1000 ላይ የሸተሩ ሁለት መጋረጃዎች እኩል ካልሮጡ የፎቶው አንዱ ጎን ይጨልማል። ይህን በጆሮ መለየት አይቻልም። በስልክ የዝግታ ቪዲዮ ወይም ፊልም አስገብቶ በማንሳት ነው የሚታወቀው።

ቀጥሎ ያቺ ብሩህ ካሬ። ሌንሱን መጨረሻው ርቀት ላይ አድርገው ሩቅ ያለ አንቴና ወይም የሕንፃ ጠርዝ ይመልከቱ። ሁለቱ ምስሎች አንድ ካልሆኑ ፎከሱ ስቷል። ወደ ጎን ብቻ ከተዛነፈ ማስተካከያው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። አንዱ ምስል ከሌላው በላይ ከሆነም ይስተካከላል፤ ግን ሥራ አለው። የሚያስፈራው ካሬዋ ደብዝዛ ወይም ጭራሽ ጠፍታ ሲገኝ ነው። ኤም3 ላይ ይህ የታወቀ በሽታ ነው። በውስጡ ያለው ፕሪዝም የተጣበቀበት ሙጫ ስላረጀ ካሜራው ወድቆ ከሆነ ሊላቀቅ ይችላል። ያኔ መስኮቱ ይጨልማል። ጥገናው ውድ ነው፤ የሚሠራውም ሰው ጥቂት ነው። ሻጩ ስልኩን መስኮቱ ላይ ደቅኖ የካሬዋን ፎቶ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁ።

ሦስተኛው የመጋረጃው ነገር ነው። ይሄ የሬንጅፋይንደር ልዩ ጉድ ነው። በሌንሱ በኩል እንደሚያዩበት ኤስኤልአር ካሜራ ፊት ለፊቱ መስታወት የለም። ሌንሱ ያለ ክዳን ፀሐይ ላይ ከተተወ ብርሃኑ ተሰብስቦ በቀጥታ የጨርቁ መጋረጃ ላይ ያርፋል፤ ይበሳዋልም። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ብታክልም እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ትጥላለች። ሌንሱ ይነቀል፣ የጀርባው ክዳን ይከፈት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ በኩል የስልክ መብራት ይብራ፣ በሌላ በኩል ይታይ። ሸተሩ ተወጥሮም ሳይወጠርም ይሞከር፤ ሁለት መጋረጃ ነው ያለው። እንደ ካኖን ሥሪቱ ካኖኔት ያሉት ርካሽ ሬንጅፋይንደሮች ሸተራቸው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ይህ ችግር የለባቸውም። የእነሱ ሕመም ዘይት ወርዶባቸው የሚጣበቁት ምላጮች ናቸው።

ይህን ሁሉ ለመላክ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። “ጊዜ የለኝም”፣ “ስለ ካሜራ አላውቅም፣ የአያቴ ነው” የሚል ሻጭ ሊኖር ይችላል። ሐቀኛ ሊሆንም ይችላል። ዋጋውን ግን እንዳልተፈተሸ ካሜራ ያስቡት።

የሰርቪሱን ወጪ አለመደመር

ሙሉ ሰርቪስ ማለት ተፈቶ ተጠርጎ፣ ቅባቱ ተቀይሮ፣ ፍጥነቱና ፎከሱ ተስተካክሎ ሲወጣ ነው። ለላይካ ኤም ይህ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃል። በዚያ ላይ ጥሩ ጠጋኝ ጋ ወራት የሚፈጅ ወረፋ አለ።

እንበል አንድ ኤም3 ሳይፈተሽ በ1,100 ዶላር ቀረበ። ሌላው የዓምና ሰርቪስ ደረሰኝ ይዞ 1,500 ተጠየቀበት። ርካሹ የትኛው ነው? እኔ ያለማመንታት ሁለተኛውን እገዛለሁ። “ሰርቪስ ተደርጓል” የሚል ቃል ብቻውን ግን አንድም ዶላር አያስጨምርም። ማን ሠራው? መቼ? ደረሰኙ የታለ?

በርካሾቹ ካሜራዎች ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። የካኖኔት ወይም የያሺካ ሰርቪስ የካሜራውን ዋጋ ሊያክል ይችላል። ስለዚህ እነዚህን “ገዝቼ አሠራዋለሁ” አይበሉ። የሚሠራውን ፈልገው ትንሽ ጨምረው ይግዙ።

ለስም ብቻ መክፈል

ላይካ ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ኤም3 መስኮቱ ግሩም ነው፤ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ክፈፍ፣ ማለትም ፎቶው ውስጥ የሚገባውን የሚያሳይ መስመር፣ ግን የለውም። መንገድ ላይ በ35 ማንሳት የሚወድ ሰው የ1957ቱ ኤም2 ይሻለዋል። ለኤም3 ገንዘቡን ከፍሎ ኋላ ላይ ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው። ኤም3 ሲገዙ ፊልሙ በሁለት ጉተታ የሚሄደው የቀድሞው ሞዴል መሆኑን ወይም በአንድ የሚሄደው መሆኑንም ይጠይቁ። የቀድሞው ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል።

የ1984ቱ ኤም6 ብርሃን መለኪያ አለው፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ወዳጅም ሆኗል። ዋጋው ውስጥ የዚህ ዝና ድርሻ ቀላል አይደለም። ላይካ ራሱ በ2022 ኤም6ን እንደ አዲስ ሠርቶ ከአምስት ሺህ ዶላር በላይ መሸጥ ሲጀምር፣ አሮጌውን “እንዲያውም ርካሽ ነው” የሚሉ ሻጮች በዙ። መለኪያ ያለው ላይካ ከሆነ የሚፈልጉት የ1971ዱን ኤም5 ይዩት። ትልቅ ነው፣ መልኩም ብዙዎችን አላስደሰተም። ለዚህም ነው ከኤም6 በታች የሚሸጠው። ፎቶው ላይ መልኩ አይወጣም።

የጃፓኖቹን ካኖን ፒ እና ካኖን 7ም አይናቁ። የላይካን የጥንት፣ እንደ ብሎን እየተሽከረከሩ የሚገቡ ሌንሶች ይቀበላሉ፤ ዋጋቸውም ከኤም ላይካ እጅግ ያንሳል።

በወርቅ በተለበጠ “ላይካ” መታለል

በጥቁር ወይም በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ፣ የናዚ አየር ኃይል ምልክት ወይም “በርሊን 1936” የሚል የተቀረጸበት ርካሽ ላይካ ካጋጠመዎት ሶቪየት የተሠራ ፌድ ወይም ዞርኪ ነው ብለው ይጀምሩ። ፌድ ከ1934 ጀምሮ ካርኪቭ፣ ዞርኪ ደግሞ ከ1948 ጀምሮ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ የተሠሩ የላይካ ቅጂዎች ናቸው። አጭበርባሪዎች ስማቸውን ፍቀው ላይካ ብለው ይቀርጹባቸዋል።

መለያው ሌንሱን ነቅሎ ወደ ውስጥ ማየት ነው። ከሌንሱ ጋር የሚገናኘው የፎከስ ክንድ ጫፍ በእውነተኛው ላይካ የምትሽከረከር ክብ ጎማ ናት። በሶቪየቶቹ ግን ሾጠጥ ያለ ድፍን ብረት ነው። ሻጩ ይህን ፎቶ ካልላከ ዋጋውን እንደ ዞርኪ ያስቡት። ዞርኪ በራሱ መጥፎ ካሜራ አይደለም፤ በዞርኪ ዋጋ ከተገዛ።

የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን ማደባለቅ

ቀለሙ ተልጦ ነሐሱ የታየ ካሜራ ፎቶ ላይ ምንም አያጎድልም። የኤም6 ክዳን ላይ የሚወጡት ትናንሽ አረፋዎችም ከስሩ ያለው ዚንክ የፈጠራቸው የመልክ ችግሮች ናቸው። የካኖን ፒ የብረት መጋረጃ ተጨማዶ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን በትክክል ይሠራል። የጀርባው ክዳን ስፖንጅ ቀልጦ ጥቁር ሙጫ መሆኑም በጥቂት ዶላር የሚፈታ ነው። እነዚህን የመደራደሪያ ነጥብ ያድርጓቸው እንጂ አይሽሹባቸው። እኔን ከጠየቁኝ ፊቱ የተቧጨረ፣ ውስጡ ንጹሕ ካሜራ ከሁሉም ይሻላል።

ሌንስ ላይ ግን አይቀልዱ። የውጭ ጭረት ቀላል ነው። ውስጥ ያለ ጭጋግና ሻጋታ ግን ሌላ ነገር ነው። የስልክ መብራት ከኋላ አብርተው ይዩት። የሃምሳዎቹና የስልሳዎቹ ሌንሶች ብዙዎቹ ጭጋግ አለባቸው፤ አንዳንዱ ይጠረጋል፣ አንዳንዱ መስታወቱን በልቶታል። ሻጋታ ድር መስሎ ነው የሚታየው። ሌንሱ የማይነቀል ካሜራ ላይ ሻጋታ ካዩ ይለፉት።

ባትሪውን አለመጠየቅ

የስልሳዎቹና የሰባዎቹ ካሜራዎች ብዙዎቹ ዛሬ በማይሸጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነበር የሚሠሩት። ምትክ አለ። ጥያቄው ካሜራው ያለ ባትሪ ምን ያህል ይሠራል ነው። ኤም6 ያለ ባትሪ መለኪያው ብቻ ይጠፋል። ካኖኔትም በእጅ ሲስተካከል ይሠራል። ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ግን 1/500 ላይ ብቻ ይቀራል። ኮንታክስ ጂ1ና ጂ2 የተባሉት ሬንጅፋይንደሮች ያለ ኤሌክትሮኒክስ ምንም ናቸው፤ ከተበላሹ የሚጠግን ማግኘት ከባድ ነው። ዋጋቸው ውስጥ ይህን አደጋ ያስገቡ።

ቀረጥን፣ የክፍያ መንገድንና የመመለሻ ቀንን መርሳት

ከጃፓን የሚሸጡ ካሜራዎች ደረጃቸው ሁልጊዜ “እንደ አዲስ” ነው። ርዕሱን ትተው ከስር ያለውን ማብራሪያ ያንብቡ። “ትንሽ ጭጋግ አለ፣ ፎቶ ላይ አይታይም” የሚለው ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው። ቀረጡንም ይደምሩ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ቀርቷል። አውሮፓ ያሉም ከቀረጡ ሌላ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቃቸዋል።

በፔይፓል “ለጓደኛና ለቤተሰብ” በሚለው ላክልኝ የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ። በዚያ መንገድ የሄደ ብር የገዢ ዋስትና የለውም። ለዚህ ብሎ የሚቀነስልዎት ሃያ ዶላር አያዋጣም።

አዲስ አበባ ሆነው ለሚገዙ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ካሜራው ሜሪላንድ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ ቤት ይደርሳል፤ ከዚያ “ሰው ሲመጣ” እየተባለ ይቀመጣል። ኢቤይ እንደተባለው ያልሆነ ዕቃ ለመመለስ የሚሰጠው 30 ቀን የሚቆጠረው ዕቃው ዘመድዎ ቤት ከደረሰበት ቀን ነው። ቦሌ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ስለዚህ ዘመድዎ ካሜራ ባያውቅም ፓኬቱን በደረሰ ዕለት ይክፈተው። አንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ ይተኩስ፣ በመስኮቱ በኩል ሩቅ ነገር ይይ፣ ሌንሱን በመብራት ይመልከት። ቪዲዮውን በቴሌግራም ይላክልዎ፤ የቀረውን እርስዎ ይወስናሉ።