ኩሬው በረዶ ሲሠራ ዓሦቹን ማትረፊያ

እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ባለ ብርድ አገር ግቢያችሁ ውስጥ የዓሣ ኩሬ ካላችሁ፣ ውሃውን በሙሉ ለማሞቅ አትድከሙ። ለመብራት ከመክፈል ውጪ ትርፍ የለውም። በረዶው ላይ አንድ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ዓሣውን የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ቅጠል ሲበሰብስ ወጥቶ ከበረዶው ሥር የሚታፈነው ጋዝ ነው። ስለዚህ የረገፈውን ቅጠል ቀድማችሁ ልቀሙ፣ ቀዳዳው እንዳይዘጋም ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ያለው ተንሳፋፊ ማሞቂያ አስገቡ። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ምግብ አቁሙ።

የአየር ፓምፕ የምትጠቀሙ ከሆነ አየር የሚወጣበትን ጫፍ ከታች ሳይሆን ከውሃው ወለል አጠገብ አድርጉት። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ የተሻለው ሙቀት ታች ይተኛል፣ ዓሦቹም እዚያው ናቸው፤ ፓምፑ ከታች ካማሰለው ብርዱን አወረዳችሁባቸው ማለት ነው።

ቀዳዳው ከተዘጋ መዶሻ እንዳታነሱ! ንዝረቱ ዓሦቹን ይጎዳል። ድስት ሙቅ ውሃ ሙሉና በረዶው ላይ አስቀምጡ፤ ጆሮውን ግን በገመድ እሰሩት፣ አለዚያ በረዶው ሲቀልጥ ድስቱም አብሮ ይሰምጣል።