ፀደይ ሲገባ ጓሮ ውስጥ ምን ይቀድማል?

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እጅን ሥራ ሥራ ይለዋል። ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ እፍኝ አፈር ዝገኑና ጨብጡት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አትቆፍሩ፤ እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠጥራል፣ ሥርም አየር ያጣል። በጣት ነካ ሲያደርጉት ፍርፍር ካለ ሥራ ተጀመረ።

አተር፣ ሰላጣና ካሮት ቅዝቃዜ ስለሚችሉ ቀድመው መደብ ላይ ይዘራሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ሌላ ጉዳይ ናቸው። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ እስኪረጋ ችግኞቹ ቤት ውስጥ ይቆዩ። ከዚያ ከ7 እስከ 10 ቀን አለማምዷቸው፦ መጀመሪያ ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሰዓት፣ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይና ነፋስ። ይህን የዘለለ ሰው ቅጠሉ ነጥቶ ሲቃጠል ያያል። እኔ ወደ ማታ መትከል እመርጣለሁ፤ ችግኙ ሌሊቱን ያገግማል።

አረም? በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ሥር ሳይሰድ።

ወቅቱን ማክበርም ሥራ ነው ባይ ነኝ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ጎረቤት እጠራና ዘር እንለዋወጣለን። ቀዩ ራዲሽ (ሥሩ የሚበላ ትንሽ አትክልት) በተዘራ በ4 ሳምንት ገደማ ይደርሳል። የመጀመሪያውን እስር ለገበያ አላወጣም፤ እዚያው መደቡ ዳር አጥበን በጨው እንበላዋለን። ልጆች ካሉ ነቃዮቹ እነሱ ይሁኑ።