ለቤዝ ጊታር ኮምቦ ይሻላል ወይስ ሄድና ካቢኔት? ለአምፕ ገዢ የቀረበ መመሪያ

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ፣ ሊገዛ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስቀድሜ የማቀርበው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዕቃውን ማን ይሸከመዋል፣ ስንት ደረጃ ይወጣበታል፣ በምንስ መኪና ይጫናል? ኮምቦ የሚባለው ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተገጥመው የሚሸጡበት ነው። በሌላው አሠራር ማጉያው ሄድ ተብሎ ለብቻው፣ ስፒከሩም ካቢኔት ተብሎ ለብቻው ይሸጣል፤ ሁለቱን በገመድ ማገናኘት የባለቤቱ ሥራ ነው። ማጉያውና ስፒከሩ ተመሳሳይ እስከሆኑ ድረስ አንዱ አሠራር ከሌላው የተሻለ ድምፅ ይሰጣል ማለት አይቻልም። የሚለያዩት በክብደት፣ በኋላ ለማሳደግ በሚሰጡት ዕድልና ብልሽት ሲደርስ በሚያመጡት ጣጣ ነው።

ክብደትን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1969 ለገበያ ያቀረበው ኤስቪቲ የተባለ 300 ዋት የቲዩብ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ሄድ ብቻውን ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። አብሮት የሚታወቀው፣ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉት ካቢኔት ደግሞ በቅርብ ጊዜ ሞዴሉ ከ60 ኪሎ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በአንድ ሳጥን ማድረግ ስለማይታሰብ መለያየቱ ግድ ነበር። «ኮምቦ ቀላል ነው፣ ሄድና ካቢኔት የትልቅ መድረክ ዕቃ ነው» የሚለው ምክር ለዚያ ዘመን ትክክል ቢሆንም ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ክላስ ዲ በሚባለው ቀላል የማጉያ አሠራር የተሠራ 500 ዋት ሄድ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ የሚመዝን በመሆኑ በጊታር ቦርሳ ኪስ ይገባል፤ ኒዮዲሚየም የሚባለው ቀላል ማግኔት ያለው ባለ አንድ 12 ኢንች ካቢኔትም በአንድ እጅ ይንጠለጠላል። የቆየ ባለ 15 ኢንች ኮምቦ ግን ከ30 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ያውም የማይከፋፈል 30 ኪሎ። አንድ የሠርግ ምሽት እንዲህ ያለ ኮምቦ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ አዳራሽ ስደርስ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሞ ነበር። መያዣው አናቱ ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ ድራመራችን ከታች እየገፋ፣ እኔ ከላይ እየጎተትኩ አወጣነው፤ የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ጣቶቼ ክር መጫን አቅቷቸው ይንቀጠቀጡ ነበር።

ቀጥሎ የሚታሰበው ድምፁ ለማን እንደሚደርስ ነው። በሆቴል አዳራሽም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ቤዙ ወደ ሚክሰር ገብቶ ሕዝቡ የሚሰማው ሞንታርቦ በምንላቸው ትላልቅ ስፒከሮች ከሆነ፣ የእርስዎ አምፕ የሚያገለግለው ለራስዎና ለድራመሩ ጆሮ ብቻ ነው። ለዚህ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ኮምቦ ይበቃል፤ ዲአይ የሚባለው የሚክሰር መውጫ ያለው መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ሳውንድ ማኑ ድምፃውያኑን ብቻ በሞንታርቦ በሚያወጣበት ትንሽ ክበብ ግን ክፍሉን የሚሞላው የእርስዎ አምፕ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜም ቢሆን ዋት ብቻ አያዋጣም። ጆሮ «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው ኃይሉ ወደ 10 ጊዜ ሲያድግ ስለሆነ፣ ከ250 ወደ 500 ዋት መሻገር የሚሰጠው 3 ዴሲቤል ብቻ፣ ማለትም ትንሽ የድምፅ ጭማሪ ነው። ይልቅ የሚጠቅመው አየር የሚገፋውን የስፒከር ስፋት መጨመር ነው። የክብ ስፋት በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች 200 ቢባሉ አንድ ባለ 15 ኢንች 225 ይሆናል፤ አራት ባለ 10 ግን 400 ይደርሳሉ። ካቢኔት መጨመር መቻል ዋጋ የሚያገኘው ስለዚህ ነው።

ሲጨምሩ ግን ኦሙን፣ ማለትም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን፣ ይመልከቱ። አብዛኞቹ ሄዶች ሙሉ ኃይላቸውን የሚሰጡት በ4 ኦም ነው፤ በ4 ኦም 500 ዋት የሚሰጠው በ8 ኦም ከ250 እስከ 300 አካባቢ ይሰጣል። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች እንደተለመደው በትይዩ ሲገናኙ ጠቅላላው 4 ኦም ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ካቢኔት 8 ኦም አድርገው ከገዙ ለሁለተኛው ቦታ ይተርፍዎታል፤ 4 ኦም ከገዙ ግን የሚችለው ዝቅተኛ ኦም 4 በሆነ ሄድ ላይ ሌላ መጨመር አይችሉም። ተጨማሪ የስፒከር መውጫ ያለው ኮምቦም ሕጉ ያው ነው፦ ውስጡ 8 ኦም ሆኖ ሳለ 4 ኦም ካቢኔት ቢሰኩበት ጠቅላላው ወደ 2.7 ኦም ይወርድና ማጉያው ከአቅሙ በላይ ይሞቃል። የቲዩብ ሄድን ደግሞ ካቢኔቱ ሳይሰካ ፈጽሞ አያብሩት፤ የውፅዓት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

በኮምቦ የማያጋጥም አንድ ስሕተት በገመድ ይመጣል። የጊታር ገመድና የስፒከር ገመድ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ጃክ ሊኖራቸው ስለሚችል በዓይን አይለዩም፤ የጊታሩ ግን ውስጡ ቀጭን ስለሆነ የስፒከርን ኃይል አይችልም። እኔ ይህን የተማርኩት በልምምድ መካከል ድምፁ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ ከሄዱ ጀርባ ያለውን ጃክ ነክቼ ላስቲኩ ለስልሶ ስላገኘሁት ነው። ስፒኮን የሚባለው ተሽከርክሮ የሚቆለፍ ሶኬት ያለውን ከመረጡ መሳሳትም አይቻልም።

አምፑን ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ለሚያስመጣ ሰው የእኔ ፍርድ ወደ ሄዱ ያደላል። ካቢኔት በአብዛኛው የራሱ ኤሌክትሪክ ስለሌለው ከአገር ውስጥ ያገለገለ ማግኘት ይቻላል፤ ቀላሉ ሄድ ብቻ በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ይመጣል። ከኋላው የተጻፈውን ቮልት ግን ሳያነቡ አይግዙ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው። ሄዱ ቢበላሽም ለአንድ ምሽት ሌላ ተውሶ መሥራት ይቻላል፤ ኮምቦ ግን ማጉያው ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩንም ይዞ ጥገና ይገባል። ለቤት ልምምድና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ዕቃ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም፤ ኮምቦ ይግዙ።

ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ቤዝ ይዘው ይሂዱ። 41 ኸርዝ የሆነውን ክፍት የኢ ክር በባንድ ድምፅ ልክ እየመቱ የሚንጣጣ ብሎን ወይም ወንፊት እንዳለ ያዳምጡ፤ በኮምቦ ማጉያው በስፒከሩ ንዝረት ውስጥ ስለሚኖር ብሎን ይላላል። ከዚያ በመያዣው አንሥተው እስከ በሩ ይራመዱበት። ያገለገለ ካቢኔት ከሆነና የኦሙ ጽሑፍ ከተላጠ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ በቴስተር ይለኩት፤ ቴስተሩ የሚያሳየው ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ስለሆነ 6 አካባቢ ካነበበ 8 ኦም ነው፣ ከ3 በላይ ሆኖ 4 ካልሞላ ደግሞ 4 ኦም ነው፤ ምንም ካላነበበ ስፒከሩ ወይም ሽቦው ተቆርጧል።