በኮምፒውተር የጎልፍ ጌም የምት ርቀትን ከእውነተኛው ጎልፍ ጋር እንዴት ማቀራረብ ይቻላል?

ኳሷን በድራይቨር (ከሁሉ ሩቅ በሚመታው የጎልፍ ዱላ) 350 ያርድ ማሻገር ለጥቂት ቀናት ያስደስታል፤ ነገር ግን የሜዳው ነዳፊ ያሰበውን ፈተና ያጠፋዋል። በአሜሪካ የሚገኘው የኦገስታ ናሽናል ጎልፍ ሜዳ 13ኛ ጉድጓድ 545 ያርድ ርዝመት ያለው ፓር 5 (በአምስት ምት እንዲጠናቀቅ የታሰበ) ሲሆን፣ ከግሪኑ (ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር) ፊት የሚያልፈውን ውኃ በሁለተኛው ምት ለመሻገር መድፈር ወይም አሳጥሮ መምታት ዋናው ውሳኔ ነው። ድራይቨሩ 350 ያርድ ከሄደ ግን የሚቀረው 195 ያርድ ብቻ ስለሚሆን ውሳኔው ራሱ ትርጉም ያጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የማንን ርቀት መምሰል እንደሚፈልጉ ይወስኑ። በወንዶች ሙያተኞች ውድድር፣ በፒጂኤ ቱር፣ የድራይቨር አማካይ ጥቅል ርቀት ወደ 300 ያርድ ሲጠጋ፣ ኳሷ በአየር ላይ የምትጓዘው ከ275 እስከ 285 ያርድ ያህል ነው። በ7 አይረን (በመካከለኛ ርቀት ዱላ) የአየር ላይ ርቀታቸው ከ170 እስከ 180፣ በፒቺንግ ዌጅ (በአጭር ርቀት ዱላ) ደግሞ ከ135 እስከ 145 ያርድ ገደማ ይደርሳል። በሴቶቹ ሙያተኞች ውድድር፣ በኤልፒጂኤ፣ ድራይቨር በአየር ላይ ወደ 220፣ 7 አይረን ወደ 140 ያርድ ይሄዳል። ሙያተኛ ያልሆነ ወንድ ተጫዋች በአማካይ በድራይቨር ከ215 እስከ 225 ያርድ ጥቅል ርቀት ይመታል፤ ለብዙዎቻችን ትክክለኛው መነሻ ይህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ወደ ልምምድ ሜዳው ይግቡ፤ ነፋሱን ዜሮ፣ የመሬቱን ጥንካሬ መካከለኛ ያድርጉ፤ የሚመቱበት ቦታም ለጥ ያለ ይሁን። መለኪያው ያርድ መሆኑን ማረጋገጥም አይዘንጉ፤ 300 ሜትር 328 ያርድ ስለሆነ በዚህ ብቻ ሙሉው ስሌት ሊዛባ ይችላል። ከዚያ በድራይቨር፣ በ5 አይረን፣ በ7 አይረንና በፒቺንግ ዌጅ አሥር አሥር ጊዜ እየመቱ፣ የተበላሹትን ምቶች ትተው የቀሩትን ይመዝግቡ።

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥቅሉን ርቀት ብቻ በማየት ነው። ሁለት ጌሞች እኩል 300 ያርድ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሆኖም በአንዱ ኳሷ 280 ያርድ በርራ 20 ስትንከባለል፣ በሌላው 255 በርራ 45 ልትንከባለል ትችላለች። 265 ያርድ ላይ ያለውን የአሸዋ ጉድጓድ የምትሻገረው የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። ስለዚህ የአየር ላይ ርቀቱንና መንከባለሉን ለየብቻ ይጻፉ። መንከባለሉ ከበዛ መስተካከል ያለበት የመሬቱ ጥንካሬ እንጂ የምቱ ኃይል አይደለም።

አሁን ኃይሉን ያስተካክሉ። ጌሙ ለድራይቨርና ለአይረን የተለያየ ማስተካከያ ካለው እያንዳንዱን ለብቻው ያስተካክሉ። ያለው አንድ ማስተካከያ ብቻ ከሆነ በ7 አይረን እንዲለኩ እመክራለሁ፤ ወደ ግሪን የሚደረጉ ምቶች ውጤቱን በእጅጉ ስለሚወስኑ፣ ድራይቨሩ አሥር ያርድ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ጉዳቱ ያነሰ ነው። የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳድጉ ነጥቦችና የተሻሻሉ ዱላዎች ርቀቱን ስለሚጨምሩም ልኬቱን በቋሚነት በሚይዟቸው መሣሪያዎች ያድርጉ። በተከታታይ አይረኖች መካከል ያለው ልዩነት በሙያተኞች ዘንድ ከ9 እስከ 12 ያርድ ገደማ ነው፤ በጌሙ 20 ከሆነ በግማሽ ኃይል የሚመቱ ምቶች ይበዙብዎታል።

የመነሻ ቲ (የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ቦታ) ምርጫም ከርቀቱ ጋር ይሂድ። ድራይቨሩ 225 ያርድ ለሚሄድ ተጫዋች በጥቅሉ ከ5,800 እስከ 6,000 ያርድ፣ 250 ለሚመታ ደግሞ ከ6,200 እስከ 6,400 ያርድ የሚረዝም ሜዳ ይመከራል። ርቀቱን ቀንሶ ከኋለኛው ቲ መጫወት ራስን ያለ ጥቅም መቅጣት ነው።

በመጨረሻ ነፋሱን መልሰው ይክፈቱና በ7 አይረን ይፈትኑ። በእውነተኛው ዓለም ከፊት የሚመጣ ነፋስ የሚቀንሰው ርቀት፣ እኩል ፍጥነት ያለው የኋላ ነፋስ ከሚጨምረው ይበልጣል። ጌሙ ሁለቱን እኩል የሚቆጥር ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ በማስተካከያ ስለማይፈታ፣ ዱላ ሲመርጡ ጌሙ የሚሰጠውን ቁጥር ይከተሉ። ጌሙ በአዲስ ስሪት በታደሰ ቁጥር የ7 አይረኑን አሥር ምቶች ይድገሙና ከመጀመሪያው መዝገብዎ ጋር ያስተያዩ።