«ሃርቫርድ ይቀበለኛል?» ስትባሉ ምን ትመልሳላችሁ?

የአክስቴ ልጅ 11ኛ ክፍልን እንደጨረሰች ትራንስክሪፕቷን በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ፦ «እስቲ እየው፣ ሃርቫርድ ይቀበለኛል?» አማካይዋ 96 ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከመጣባችሁ «ጎበዝ ነሽ፣ ይሳካል» ብላችሁ አትለፉት። ልጅቷ ዓመቷን በዚያ መልስ ላይ ነው የምታቅደው።

መጀመሪያ፣ የሚወራውን ፐርሰንት እንዳለ አትውሰዱት። በ2024 እ.ኤ.አ. 54,008 ሰው ለሃርቫርድ አመልክቶ 1,937 ተቀባይነት አገኘ፤ 3.6 በመቶ ገደማ ነው። ግን ይሄ ሁሉም ተደባልቆ ነው። ዩኒቨርሲቲው በተማሪ አመራረጡ ሲከሰስ ፍርድ ቤት የቀረቡት ሰነዶች እንዳሳዩት፣ አሠልጣኞች የፈለጓቸው ስፖርተኞች ከ10 ከ8 በላይ ይገቡ ነበር፣ ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ ልጆች ደግሞ ሲሶ ያህሉ። እነሱን ስታወጡ ለተራው አመልካች የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ከውጭ አገር ለሚያመለክት ይብሳል፦ ኤምአይቲ የሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አገር አመልካቾች የሚቀበለው ከ100 ሁለት አይሞላም።

ቀጥሎ ብር። ብዙ ሰው ይሄን መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው፣ ስህተት ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪን ሲመርጡ መክፈል ይችላል አይችልም ብለው አያዩም፤ ከተቀበሉት በኋላ የጎደለውን ይሸፍናሉ። ስታንፎርድና ኮሎምቢያ ግን ከውጭ የሚመጣ ተማሪ እርዳታ መጠየቁን ሲመርጡ ግምት ውስጥ ያስገባሉ። ስለዚህ ሙሉ እርዳታ የምትፈልግ ልጅ በእነዚህ ያላትን ዕድል ከሚታየው ዝቅ አድርጋ ትገምት።

ኤስኤቲን፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች የመግቢያ ፈተናን፣ ለማየት «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባለውን ሰነድ ከዩኒቨርሲቲው ስም ጋር ጎግል አድርጉ። ሲ7 የሚለው ክፍል ለየትኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ ይናገራል፣ ሲ9 ደግሞ የገቡትን ልጆች የኤስኤቲ ውጤት። ኤምአይቲ ከገቡት መካከለኛዎቹ ግማሽ በሒሳብ ያመጡት ከ780 እስከ 800 ነው። የአክስቴ ልጅ በልምምድ ፈተና 690 ነበራት። በዚህ ውጤት ኤምአይቲን ከዝርዝሩ አወጣነው፣ ትንሽ አኮረፈች። 800 ማግኘትም ቢሆን በር አያስከፍትም፣ በሩ ጋ ያደርሳል እንጂ።

አሁን ወደ 96ቷ። እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ክፍል ከ95 በላይ በሚያመጣበት ትምህርት ቤት 96 ምንም አይናገርም፤ ደረጃዋ ስንተኛ ነው? ከስንት ተማሪ? ትምህርት ቤቱ ውጤት ይረጫል ወይስ ይቆጥባል? የአገራችንን ሁኔታ ማመልከቻ አንባቢው አያውቅም፣ ካልተነገረው ደግሞ ሊገምት አይችልም። በ2014 ዓ.ም. 900 ሺህ ያህል ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት 80 በመቶ ያመጣ ልጅ ለእኛ ጉድ ነው፣ ለአሜሪካዊው አንባቢ ግን «ቢ» ሊመስለው ይችላል። ይሄን በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ውስጥ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ስለ ደብዳቤ ካነሳን፣ የመምህሩን ሪኮመንዴሽን እስቲ አስቡት። «ታዛዥ፣ ሰዓት አክባሪና ጎበዝ ተማሪ ነች።» የማንንም ስም ብታስገቡበት ይሠራል! እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጠብቃት ከሆነ ዕድሏን ዝቅ አድርጉ። መምህሩ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን የጠየቀችውን ጥያቄ አስታውሶ መጻፍ ከቻለ ግን ከፍ አድርጉት።

ከትምህርት ውጭ የሠራችውን ስታዩ እስከ የት እንደደረሰ ጠይቁ፦ ክፍል ውስጥ፣ ከተማ ላይ፣ አገር አቀፍ? የክበብ አባልነት ብቻውን ብዙም አይደለም። እናቷን ሱቅ የምትረዳና ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ ግን ይሄን «ሥራ አይደለም» ብላ ትተወዋለች፤ ኮመን አፕ በሚባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል የራሱ ቦታ አለው፣ ትሙላው።

ብዙ ቦታ ስላመለከቱ ዕድል ይደመራል የሚሉም አሉ። 20 ቦታ፣ እያንዳንዱ 4 በመቶ፣ ስለዚህ 80? አይሆንም። ውጤቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ባይያያዙ እንኳ 56 አካባቢ ነው፣ ደግሞ ይያያዛሉ፤ አንዱ ጋ የደከመ ማመልከቻ ሌላውም ጋ ያው ነው።

ለአክስቴ ልጅ ፐርሰንት አልነገርኳትም። «ሃርቫርድ ሩቅ ነው፣ ግን ማመልከት ትችያለሽ፤ ከእሱ ሌላ እርዳታ የሚሰጡ ስድስት ኮሌጆች እንፈልግ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ሪኮመንዴሽኑን የፊዚክስ መምህሬ ይሻላል ወይስ ዳይሬክተሩ?» ብላ ጻፈች። የፊዚክሱ፣ አልኳት።